ከመግቢያው በር እስከ ምረቃው፤ በአሜሪካ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ለሆኑና አነስተኛ ገቢ ላላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰጠ ትምህርታዊ ምክር ታሪክ

መግቢያ

የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በሮች እንዴት እንደተከፈቱ በመተረክ ነው። ዩኒቨርሲቲው መቼ ተቋቋመ፣ ስንት ተማሪ ተቀበለ፣ ቁጥሩ በየትኛው ዓመት እጥፍ ሆነ የሚሉት ጥያቄዎች ከሪፖርትና ከሰንጠረዥ በቀላሉ መልስ ያገኛሉ። ከገቡት መካከል ስንቱ ትምህርቱን ፈጽሞ ወጣ፤ ያልፈጸመውስ በምን ምክንያት ቀረ የሚለው ጥያቄ ግን በሬጅስትራር መዝገብ ውስጥ እንደተቀበረ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ይሁን እንጂ ለአንድ ድሃ ቤተሰብ ልጁ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ብቻውን የኑሮ ለውጥ አያመጣም። ገብቶ ሳይፈጽም የሚመለሰው ወጣት ዓመታቱንና የቤተሰቡን ጥሪት ከማጣቱም በላይ፣ ታናናሾቹ ከእርሱ የሚማሩት ትምህርት ተስፋ መቁረጥ እንዳይሆን ያሰጋል።

በዚህ ጽሑፍ «ትምህርታዊ ምክር» ስንል ተማሪው የትምህርት ዘርፉን፣ በየሴሚስተሩ የሚወስዳቸውን ትምህርቶችና የጊዜ አጠቃቀሙን ሲወስን፣ የተቋሙን ደንብ ሲማርና ችግር ሲገጥመው መፍትሔ ሲፈልግ ከአንድ ኃላፊነት ከተሰጠው ሰው የሚያገኘውን ተከታታይ እርዳታ ማለታችን ነው። «ከቤተሰቡ የመጀመሪያ» የምንለው ደግሞ አባቱም እናቱም የዲግሪ ትምህርት ያላጠናቀቁለትን ተማሪ ነው። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በሕግና በበጀት ተደግፈው ሰፊ ሙከራ የተካሄደባቸው በአሜሪካ በመሆኑ፣ ታሪካቸውን ከዚያው አገር ተነሥተን እንመለከታለን። በመጨረሻም ለእኛ መምህራንና የትምህርት ፕላን አውጪዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጠን ባጭሩ ለማመልከት እንሞክራለን። የአሜሪካ ታሪክ የተመዘገበባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት በሆነበት ሥፍራ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ተደርጓል።

1. የአማካሪነት ሥራ አጀማመር

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪው በራሱ የሚመርጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ላቲን፣ ግሪክ፣ ሒሳብና የሥነ ምግባር ፍልስፍና ለሁሉም በአንድነት ይሰጡ ስለነበር፣ የትኛውን ትምህርት ልውሰድ ብሎ አማካሪ የሚፈልግ አልነበረም። ሁኔታው የተለወጠው ቻርልስ ኤልየት በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በምርጫ እንዲወስዱ የሚፈቅደውን ሥርዓት ባስፋፋ ጊዜ ነው። ምርጫ ሲኖር ደግሞ መሳሳትም አብሮ ይመጣል። በ1876 በባልቲሞር ከተማ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሬዚዳንቱ በዳንኤል ኮይት ጊልማን መሪነት፣ ለተማሪዎች ከመምህራን መካከል አማካሪ የመመደብን ልማድ ቀደም ብለው ከጀመሩት ተቋሞች አንዱ ሆነ። ሃርቫርድም በ1889 አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የሚያማክር የመምህራን ቦርድ አቋቋመ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በዚያ ዘመን አማካሪው ሥራውን የሚጀምረው፣ ተማሪው የዩኒቨርሲቲን ወግ ከቤቱ ይዞ እንደመጣ በመገመት ነበር። አብዛኛው ተማሪ ከባለጸጋ ወይም ከተማረ ቤተሰብ የተወለደ ስለነበር ግምቱ ብዙ ጊዜ አያሳስትም። መምህሩ በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ወረቀቱን ፈርሞ ቢያሰናብተው፣ ተማሪው የቀረውን ከአባቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጠይቆ ይረዳል። የአማካሪነት ሥራ ይህን ልማድ እንደያዘ ወደ 20ኛው ምዕተ ዓመት ተሸጋገረ፤ የተማሪው ማንነት ሲለወጥ ግን የአማካሪው ልማድ ሳይለወጥ ብዙ ዓመታት ቆየ።

2. በሩ ሲሰፋ

የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። በሰኔ ወር 1944 የጸደቀው የጦር ተመላሾች ሕግ ከሠራዊቱ ለሚሰናበቱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያና የመተዳደሪያ ድጎማ ሰጠ። እስከ 1956 ድረስ 7.8 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች በዚህ ሕግ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና ያገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1947 የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የጦር ተመላሾች ነበሩ። ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ኮሌጅ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ቢሆኑም፣ ዕድሜያቸው የበሰለ፣ የወር ድጎማቸውም የተረጋገጠ ነበር። በተጨማሪም መንግሥት በኮሌጆች ውስጥ ለተመላሾቹ የምክር መስጫ ማዕከሎች እንዲከፈቱ አድርጓል። ሆኖም ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው የዘር መድልዎ በሰፈነበት ጊዜ በመሆኑ፣ በተለይ በደቡብ ክፍላተ አገር የነበሩ ጥቁር ወታደሮች ከጥቅሙ ተገቢውን ድርሻ ሳያገኙ ቀርተዋል።

ሁለተኛው እርምጃ በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ አሜሪካ የተሰጥኦ ባለቤት የሆኑ ልጆቿን በየመንደሩ መፈለግ እንዳለባት ተረዳች። ሕጉ ለተማሪዎች ብድር ከመስጠቱም ሌላ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑ ገንዘብ መደበ። ዋናው ዓላማው ለአገር መከላከያ የሚጠቅሙ ሳይንቲስቶችን ማፍራት እንጂ ድሃውን መርዳት አልነበረም። ያም ሆኖ፣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት መምከር ያስፈልጋል የሚለው አሳብ በሕግ ውስጥ ሥፍራ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

3. ሦስቱ ፕሮግራሞች

በ1964 የወጣው የኢኮኖሚ ዕድል ሕግ ድህነትን ለመዋጋት የታወጀው ዘመቻ መሠረት ነበር። ከዚህ ሕግ የተወለደው «አፕዋርድ ባውንድ» የተባለው ፕሮግራም በ1965 የበጋ ወራት በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በበጋው ዕረፍት ወደ ኮሌጅ ግቢ ተወስደው፣ በመኝታ ቤቱ እያደሩ፣ በቤተ መጻሕፍቱ እያነበቡ፣ ከኮሌጅ መምህራን ይማራሉ፤ በትምህርቱ ዘመንም ክትትሉ ይቀጥላል። ተማሪው ግቢውን ከመግባቱ በፊት እንዲያውቀው ማድረግ የፕሮግራሙ ዋና ፍሬ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 8 ቀን 1965፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕግን ፈረሙ። የተፈረመበት ሥፍራ ትርጉም ነበረው፤ ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ራሳቸው በተማሩበት በቴክሳስ ሳን ማርኮስ ኮሌጅ ነው። እርሳቸውም በ1928 ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ ድሃ ሕፃናትን አስተምረው ስለነበር፣ ጉዳዩን ከወረቀት ብቻ ያወቁት አልነበረም። በዚህ ሕግ መሠረት «ታለንት ሰርች» የተባለው ሁለተኛ ፕሮግራም ተቋቋመ። ሥራውም ችሎታ ያላቸውን ድሃ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ፈልጎ ማግኘት፣ ስለ ኮሌጅ መግቢያና ስለ ገንዘብ እርዳታ ማስረዳት፣ ያቋረጡትንም እንዲመለሱ መገፋፋት ነበር።

ሁለቱም ፕሮግራሞች ተማሪውን እስከ በሩ የሚያደርሱ እንጂ ከበሩ ወዲያ የሚከተሉት አልነበሩም። በ1968 ሕጉ ሲሻሻል ይህ ጉድለት ታየና፣ ኮሌጅ ውስጥ ላሉ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የምክርና የክትትል አገልግሎት የሚሰጥ ሦስተኛ ፕሮግራም ተጨመረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሦስቱ በአንድነት «ትሪዮ» ተባሉ፤ ኋላ ሌሎች ቢጨመሩም ስሙ እንደጸና ቀርቷል። በ1972 ለጎልማሶች የምክር ማዕከሎች ሲከፈቱ፣ በዚያው ዓመት ለድሃ ተማሪዎች በቀጥታ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ተደነገገ። በ1986 ደግሞ ተማሪዎችን ለዶክትሬት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ተመሠረተ። ስሙም በጥር 28 ቀን 1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ በሞተው በሮናልድ ማክኔር ተሰየመ። ማክኔር በደቡብ ካሮላይና ሌክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1976 በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘ ሰው ነበር።

ለታሪካችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1980 የተደረገው ማሻሻያ ነው።  በ1980 ሕጉ የወላጆችን የትምህርት ደረጃ እንደ አንድ ራሱን የቻለ መለኪያ አድርጎ ተቀበለ። በዚህም መሠረት ወላጆቹ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ የእርዳታ መብት እንዲኖረው ሆነ። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞችም ከታቃፊዎቹ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ከቤተሰባቸው የመጀመሪያም አነስተኛ ገቢ ያላቸውም እንዲሆኑ ተደነገገ። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ድህነት የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን የመረጃ እጦትም እንደሆነ በሕግ ታወቀ። በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዕድል ያላገኙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጆችም ዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው በዚሁ መለኪያ የሚካተቱ መሆናቸውን በዚህ አጋጣሚ ማንሳት ይቻላል።

4. የኒውዮርክ ከተማ ፈተና

የፌዴራሉ መንግሥት ይህን ሲያደርግ፣ በኒውዮርክ ከተማ ከዚህ የበለጠ ድፍረት ያለው ሙከራ ተካሄደ። በ1847 የተመሠረተውና ያለ ክፍያ የሚያስተምረው ሲቲ ኮሌጅ ለድሃው ልጅ የተከፈተ ቢባልም፣ የመግቢያ ነጥቡ ከፍ ስላለ በ1960ዎቹ ውስጥ በዙሪያው ካለው ከሐርለም መንደር የሚገቡት ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1965 በሥነ ልቡና መምህሩ በሌስሊ በርገር መሪነት የተጀመረው የቅድመ ዲግሪ ፕሮግራም፣ በ1966 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ «ሲክ» የሚል ስም ይዞ ወደ ሌሎች የከተማው ኮሌጆች ተስፋፋ።

የሲክ አሠራር አራት ነገሮችን ያጣምር ነበር። አንደኛ፣ ለተማሪው የኪስ ገንዘብና የመጻሕፍት መግዣ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ በጽሑፍ፣ በንባብና በሒሳብ የማካካሻ ትምህርት ይወስዳል። ሦስተኛ፣ አስጠኚ ይመደብለታል። አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በስም የሚታወቅ አማካሪ አለው። አማካሪው በቢሮው ተቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ከጽሑፍና ከሒሳብ መምህራኑ ጋር እየተገናኘ የተማሪውን ሁኔታ የሚከታተል ባለሙያ ነበር። በዚህ ፕሮግራም ካስተማሩት መካከል እንደ ኦድሪ ሎርድ፣ ጁን ጆርዳንና ኤድሪያን ሪች ያሉ ስመ ጥር ባለቅኔዎች ይገኙበታል።

በ1969 የጸደይ ወራት ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች የሆኑ ተማሪዎች የኮሌጁን ግቢ በከፊል ይዘው የመግቢያው ደንብ እንዲለወጥ ጠየቁ። የከተማው ዩኒቨርሲቲም ቀደም ብሎ ለኋላ ያቀደውን አፋጥኖ፣ ከ1970 መጸው ጀምሮ የከተማውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሁሉ በአንዱ ኮሌጅ ቦታ እንዲያገኝ ወሰነ። በዚያ ዓመት ብቻ 35,000 ያህል አዲስ ተማሪዎች ገቡ። መምህራኑም አይተው የማያውቁት ዓይነት ጽሑፍ በጠረጴዛቸው ላይ ተከመረ። ብዙዎቹ «እነዚህ አይችሉም» ብለው ደመደሙ።

ይህን ድምዳሜ በጥናት የተቃወመችው በሲክ የጽሑፍ ትምህርት ኃላፊ የነበረችው ሚና ሾነሲ ናት። ሾነሲ 4,000 ያህል የተማሪ ጽሑፎችን መርምራ፣ ስሕተቶቹ በዘፈቀደ የመጡ ሳይሆኑ የራሳቸው ሥርዓትና ምክንያት ያላቸው መሆናቸውን በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ አስረዳች። ተማሪው ያልተማረውን ነገር አለማወቁ የአእምሮ ድክመት ምልክት አይደለም፤ መምህሩ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ካወቀ ማረም ይችላል የሚለው አሳቧ፣ ለጽሑፍ መምህራን ብቻ ሳይሆን ለአማካሪዎችም መመሪያ ሆኗል።

መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሙከራው በገንዘብ እጦት እየተናጋ ነበር። በ1975 ከተማው ለኪሣራ በተቃረበ ጊዜ፣ መምህራንና ሠራተኞች በብዛት ተቀነሱ፤ በ1976 ደግሞ ለ129 ዓመታት ጸንቶ የኖረው የነፃ ትምህርት ልማድ ቀረና ክፍያ ተጣለ። ከዚህ የምንገነዘበው አንድ ቁም ነገር አለ። የመግቢያውን ደንብ በአንድ ስብሰባ ማሻሻል ይቻላል፤ የአማካሪና የመምህር ቁጥር ግን በውሳኔ ብቻ አይጨምርም። ተማሪው በዝቶ ረዳቱ ሲቀንስ፣ መውደቁ የተማሪው ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። በእርግጥ ብዙዎቹ ያንን ፈተና አልፈው ተመርቀዋል፤ ሲክም እየተሻሻለ እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

5. ያልተጻፈው ሥርዓተ ትምህርት

በዚሁ ዘመን የአማካሪነት ሥራ ትርጉሙ ራሱ ተለወጠ። በ1972 በርንስ ክሩክስተንና ቴሪ ኦባንየን የተባሉ ሁለት ምሁራን በየፊናቸው ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ማማከር ቅጽ መፈረም ሳይሆን የማስተማር አንድ ክፍል ነው አሉ። ኦባንየን ሥራውን በአምስት ደረጃ ከፈለው፤ በመጀመሪያ የሕይወትን ዓላማ፣ ቀጥሎ የሙያን ዓላማ መመርመር፣ ከዚያ የትምህርት ዘርፍን፣ ቀጥሎ ትምህርቶችን መምረጥ፣ በመጨረሻም የሰዓት ድልድል ማውጣት። በብዙ ተቋሞች የሚሠራው ግን አምስተኛው ብቻ ነው። በ1979 በአሜሪካ የትምህርታዊ አማካሪዎች ማኅበር ሲመሠረት፣ ሥራው የራሱ እውቀትና ኃላፊነት ያለው ሙያ መሆኑ ይበልጥ እየታወቀ ሄደ።

ከቤተሰቡ የመጀመሪያ የሆነው ተማሪ የሚያጣው ነገር ምን እንደሆነ በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ የከበደውን አንድ ተማሪ እናስብ። ወላጆቹ ዩኒቨርሲቲ የተማሩለት ወጣት ወደ ቤቱ ይደውላል፤ ትምህርቱን ከተወሰነው ቀን በፊት ቢሰርዝ «ኤፍ» እንደማይመዘገብበት፣ መምህሩም በቢሮ ሰዓቱ ተማሪ ሲመጣ እንደማይቆጣ ይነገረዋል። ሌላው ግን ወላጆቹን ማስጨነቅ ስለማይፈልግ ዝም ይላል፤ መምህሩን ማስቸገር ነውር ይመስለዋል፤ የመሰረዣው ቀን መኖሩን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። «ኤፍ» ይመዘገብበታል፤ ነጥቡ ይወርዳል፤ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ድጎማውም ይሰጋል። ሁለቱ ተማሪዎች በሒሳብ ችሎታ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። የለያቸው ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ያለው፣ ነገር ግን ፈተናው የማይቀርለት ያልተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ምሳሌው እንደሚለው መከራ ሊመጣ የሚገባው ምክር ቀድሞ ከተሰጠ በኋላ ነው። በዚህ ተማሪ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ምክር ሳይደርሰው መከራው ቀድሞ መከረው።

6. ውጤቱ ሲመዘን

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ ሰጥቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ ፕላን አውጪ ሊያልፈው አይገባም። ታሪኩ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለ አፕዋርድ ባውንድ በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄደውና ውጤቱ ከ2000 ዓመት ወዲህ የወጣው ሰፊ ጥናት፣ ፕሮግራሙ በአጠቃላይ ተማሪዎች ላይ ኮሌጅ በመግባት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላመጣም ሲል፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ የማግኘት ተስፋ ያልነበራቸው ተማሪዎች ግን በግልጽ እንደተጠቀሙ አሳይቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች የናሙናውን አመራረጥ በመንቀፍ ድምዳሜውን ተቃውመዋል። ከክርክሩ የሚገኘው ቁም ነገር፣ እርዳታው ይበልጥ የሚጠቅመው ያለ እርዳታ መግባት የማይሆንለትን ተማሪ መሆኑ ነው።

ይበልጥ ግልጽ ማስረጃ የተገኘው እንደገና ከኒውዮርክ ነው። የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ2007 በሁለት ዓመት ኮሌጆቹ «አሳፕ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት ሊሰጥ ይገደዳል፤ በምላሹም ከድጎማ የሚጎድለው የትምህርት ክፍያ ይሸፈንለታል፤ የመጻሕፍት መግዣና የከተማ ትራንስፖርት ካርድ ይሰጠዋል። የካርዱ መታደስ አማካሪውን ከማግኘት ጋር የተያያዘ ነው። ለአንድ አማካሪ የሚመደቡት ተማሪዎች ከ60 እስከ 80 ሲሆኑ፣ በእነዚያው ኮሌጆች ለሌሎች ተማሪዎች አንድ አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ይደርሰው ነበር።

ውጤቱን ለመመዘን ማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው 896 አነስተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች በዕጣ ተከፈሉ። በ2015 እንደተገለጸው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከፕሮግራሙ ተማሪዎች 40 ከመቶው ሲመረቁ፣ ከሌሎቹ የተመረቁት 22 ከመቶው ናቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የወጣው ገንዘብ ከመደበኛው 60 ከመቶ ያህል ቢበልጥም፣ ወጪው በተመራቂዎች ቁጥር ሲካፈል ግን ለአንድ ተመራቂ የወጣው ከመደበኛው ከ10 ከመቶ በላይ ያነሰ ሆኗል። ፕሮግራሙ በኦሃዮ በሦስት ኮሌጆች ሲሞከርም ተቀራራቢ ውጤት ተገኝቷል። ስለዚህ አማካሪ መቅጠር ወጪ ይጨምራል የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው ወጪው በገቢ ተማሪ ሲሰላ ነው፤ በተመራቂ ሲሰላ ትርጉሙ ይለወጣል።

ያም ሆኖ፣ ማስረጃ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2025 በአሜሪካ የቀረበው የበጀት ሐሳብ የትሪዮ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ እንዲቀሩ በመጠየቁ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የተነሣው ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል።

7. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ከገቡት ተማሪዎች የብዙዎቹ ወላጆች የዘመናዊ ትምህርት ዕድል ያላገኙ ነበሩ። ማለትም ለአሜሪካ ልዩ ወገን የሆነው ተማሪ ለእኛ የተለመደው ተማሪ ነበር። ሆኖም ቁጥሩ አነስተኛ፣ መኖሪያውም በግቢ ውስጥ ስለነበር፣ መምህርና ተማሪ ይተዋወቁ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ዘምተው ያስተማሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም፣ ለብዙ የገጠር ልጅ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚነግሩት የመጀመሪያ ሰዎች ሆነዋል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲደርሱ፣ ያ የመተዋወቅ ዕድል በራሱ የሚገኝ አልሆነም።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 ከመቶው ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ካላለፉት መካከል የተመረጡት በዩኒቨርሲቲዎች ሪሜዲያል በመባል የሚታወቀውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ይህ በመልኩ ከ1965ቱ የኒውዮርክ ሙከራ ጋር የሚመሳሰል እርምጃ ነው። ሲክ ግን የማካካሻ ትምህርቱን ብቻውን አልሰጠም፤ ገንዘብን፣ አስጠኚንና አማካሪን አጣምሮ ሰጠ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ወስዶ የአራቱን ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች ውይይት እናቀርባለን።

ሀ) ምክር ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ይጀመር። ተማሪ የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፍ ምርጫውን በቅጽ በሚሞላበት ሰሞን፣ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲን የሚያውቀው ሰው መምህሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ኃላፊነት እንዲወጣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ ለምክር አሰጣጥ ሰዓት ቢመድቡ ተገቢ ነው።

ለ) እያንዳንዱ አዲስ ገቢ የአማካሪውን ስም ይወቅ። «የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት አለ» ማለት አይበቃም፤ ችግር የገጠመው ተማሪ የሚፈልገው ሰውን እንጂ ሕንፃን አይደለምና።

ሐ) ለአንድ አማካሪ የሚመደበው ተማሪ ቁጥር በፕላን ይወሰን። ለመምህሩ የማማከር ሰዓት በሥራ ጫናው ውስጥ ካልተቆጠረለት፣ ምክሩ ወደ ፊርማ ይወርዳል።

መ) አማካሪው ተማሪውን ይፈልግ፤ ተማሪው እስኪመጣ አይጠብቅ። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት በተሰጠ ሳምንት የወደቁትን መጥራት፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከማስጠንቀቅ ይሻላል።

ሠ) ምክርና ገንዘብ አይለያዩ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የሚከፍለው በመሆኑ የመግቢያውን በር አልዘጋም። ሆኖም ለደብተር፣ ለሳሙናና ለመጓጓዣ የሚያስፈልገው ጥቂት ብር በወቅቱ ባለመገኘቱ ትምህርቱን የሚተው ተማሪ፣ ከአማካሪው ቃል ብቻ ስንቅ አያገኝም።

ረ) መዝገብ ይያዝ። የወላጆች የትምህርት ደረጃ በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ከተጠየቀና ውጤቱ በየዓመቱ ከተነጻጸረ፣ ማን እንደሚቀርና የት ላይ እንደሚቀር ማወቅ ይቻላል።

መደምደሚያ

ከጆንስ ሆፕኪንስ መምህራን እስከ አሳፕ አማካሪዎች ያለው የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ የሚያሳየው፣ ትምህርታዊ ምክር በመጀመሪያ ለባለጸጋው ልጅ የምርጫ መርጃ ሆኖ እንደተፈጠረ፣ ኋላም የድሃው ልጅ ሲመጣ ሥራው እንደገና መተርጎም እንዳስፈለገው ነው። ይህ ትርጉም በሕግ ለመስፈር ዓመታት ወስዷል፤ በተግባር ጸንቶ የቆየው ደግሞ አማካሪው የሚያውቃቸው ተማሪዎች ቁጥር በተወሰነበትና በጀት በተመደበበት ሥፍራ ብቻ ነው። ገንዘቡ በተነሣ ጊዜ የተጎዳው ሁልጊዜ ከቤተሰቡ የመጀመሪያ የሆነው ተማሪ ነው። ሌላው ወደ ቤቱ ደውሎ ይጠይቃልና።

እኛ መምህራን የአገሪቱን በጀት አንወስንም። ይሁን እንጂ ለብዙው ተማሪያችን በቤቱ የሌለውን መልስ የምንሰጠው እኛ ነን። ፕላን አውጪዎችም የሚቀጥለውን ዓመት የቅበላ ቁጥር በሠንጠረዥ ሲያሰፍሩ፣ ከጎኑ «ስንት አማካሪ?» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምሩ፣ የብዙ ወጣቶችና የቤተሰቦቻቸው ድካም ከንቱ እንዳይቀር የሚረዳ ሥራ ይሆናል።